ጥሩምባ ነፊው የእሑዱን ዝግጅት ያወጁ ዕለት

መርካቶ ውስጥ ማስታወቂያ መስቀል ትርፉ ድካም ነው። ይህን የምለው ተናድጄ አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የጨርቅ መጋዘን በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ አለን። እሑድ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በባንድ የታጀበ ዘፈን፣ ክራር፣ ውዝዋዜና በየመሀሉ ሰው የሚያስቅ ጭውውት ይቀርብበታል። እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የሚመጣው እሑድ ማን እንደሚዘፍንና ማን እንደሚያስቅ ለሰው ማድረስ ነው የኔ ድርሻ። ሁለት መቶ ወንበር አለን፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ግማሹ እንኳ ሲያዝ አይቼ አላውቅም ነበር።

ወረቀት ስለጥፍ ሰዓት ሳይሞላ በላዩ ላይ የሚከራይ ቤትና የአስጠኚ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ባነር ሳሰቅል በማግስቱ የለም። አልፈርድባቸውም፤ ዝናብ የማያስገባ ሸራ በነፃ ተሰቅሎ ሲያድር ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው መርካቶ ውስጥ አልተፈጠረም። አንድ ቀን ምን አለሽ ተራ ምድጃ ልገዛ ሄጄ የክራር ተጫዋቻችንን ፊት የአንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጣሪያ ሆኖ አገኘሁት። ሰውዬውን ብጠይቀው "ገዝቼው ነው እኅቴ" አለኝ፤ አልዋሸም፣ የሸጠለት ሰው ነው የሰረቀው። ጎጃም በረንዳ ደግሞ አንድ ኩሊ የሳምንቱን ፕሮግራም ከነሰዓቱ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የበርበሬ ጆንያ ሲሸከምበት አይቻለሁ። ቢያንስ ማስታወቂያው እየተዘዋወረ ስለሆነ ዝም አልኩት።

አንድ ሰሞን መኪና ተከራይተን በሞንታርቦ ብናስነግርም አልሆነም። በየሱቁ በር ላይ አንድ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ጠዋት ተከፍቶ ማታ እስኪዘጋ ድረስ "ሁሉም በመቶ! ሁሉም በመቶ!" ይላል። ጋሪ ገፊው "መንገድ! መንገድ!" ይላል። የታክሲው ረዳት ይጮኻል። በዚህ መሀል የኛ ሞንታርቦ ስለ ክራር ሲያወራ ሰው ዞር ብሎም አላየው። አንድ ባለሱቅ ብቻ ወጥቶ "ምንድነው የምትሸጡት?" አለኝ። "ዘፈን" ስለው "በጅምላ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ይህን ሁሉ ጫጫታ ጥሶ የሚሰማ አንድ ድምፅ ግን አለ፤ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ድምፅ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ። ንጋት ላይ፣ ገና ሱቅ ሳይከፈት፣ መጀመሪያ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ቀጥለው ያረፈውን ሰው ስም፣ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ቦታና ሰዓት ይናገራሉ። ሠላሳ ዓመት ያህል ይህንኑ ሠርተዋል። እሳቸው ሲናገሩ የተኛው ይነቃል፣ የነቃው ዝም ይላል፣ ጥርሱን የሚፍቀውም መፋቂያውን ከአፉ ያወጣል። አንድ ጠዋት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የማላውቀውን ሰው ስምና የቀብሩን ሰዓት ሳልወድ በግዴ ስሰማ፣ ለእኔ የሚያስፈልገኝ ይህ ድምፅ ነው አልኩ። በሰው ሐዘን ላይ እንዲህ ማሰብ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አሰብኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጋሼ ጥሩምባ ከመንፋት ሌላ የእድሩን ዕቃ ቤትም ይጠብቃሉ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሳህኑና ትልልቁ ድስት ሁሉ በእሳቸው ቁልፍ ሥር ነው። አንድ የተገለበጠ ድስት ላይ ተቀምጠው የድንኳን ገመድ ሲፈቱ አገኘኋቸው። ጥላዬ በሩ ላይ ሲያርፍ ቀና ብለው ሳያዩኝ ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ።

"ማን አረፈ?" አሉ።

"ማንም አላረፈም ጋሼ። ዘፈን ላሳውጅዎት ነው የመጣሁት።"

እርሳሱን እንደያዙ ቆዩ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው፤ ስለተሰረቀው ባነር፣ ስለሞንታርቦው፣ ስለሚመጣው እሑድ። የዚያ እሑድ ዋና ዘፋኝ የዚሁ ሰፈር ሴት ነበረች። ስድሳን አልፋለች፤ ከመድረክ ከራቀች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ቤቷ ጎጃም በረንዳ ጀርባ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ብላትም ስለ ዘፋኝ ሲወራ አንቺ ማለት የሁላችንም ልማድ ስለሆነ እኔም እዚህ እንደዚያው እጽፋለሁ። እሷን ጠርተን ባዶ ወንበር ማሳየት አሳፍሮኝ ነበር። ይህንንም ነገርኳቸው።

ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ የተናገሩት ግን ስለ ዘፋኟ አልነበረም።

"ልጄን ስድር" አሉ፣ "የሰርጉን ጥሪ ራሴ ነበር ይዤ የወጣሁት። ካርዱን ይዤ የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ከፈተች፣ አየችኝ፣ 'ወይኔ ወንድሜን!' ብላ ተዘረረች። ለካ ወንድሟ ሆስፒታል ተኝቶ ኖሯል። ውሃ ረጭተን አነሳናት። ሁለተኛው ቤት አባወራው ካርዱን ሳይቀበለኝ 'የትኛው ልጄ ነው?' አለኝ። ሦስተኛው ቤት ሳልደርስ ተመለስኩ። የቀረውን ባለቤቴ አዳረሰችው። የገዛ ልጄን ሰርግ መጥራት አቃተኝ፣ ይገባሻል?"

ይገባኛል አልኳቸው።

"እንቁጣጣሽም ቢሆን፣ አረፋም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ከቤቴ አልወጣም። በዓመት በዓል ማለዳ እኔን በሩ ላይ ማየት የሚወድ የለም። እኔም አልፈርድባቸውም። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው የኔን ድምፅ ሰምቶ ደስ ሲለው ባይ..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ስለ ክፍያ ላነሳ ስል እጃቸውን አወዛወዙብኝ።

የእድሩን ዳኛ አስፈቀድን። ዳኛው የጅምላ ልብስ ነጋዴ ነው፤ ሰውዬው ነገሩን ካሰበበት በኋላ ፈቀደ፣ ግን ጥሩምባው እንዳይነካ አለ። ጥሩምባው የሐዘን ዕቃ ነው፤ ለዘፈን ከተነፋ ኋላ ማን ያምነዋል አለ። ተስማማን። እኔ ከአዳራሹ ሜጋፎን አመጣሁ።

ዓርብ ዕለት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተለማመድን። ጽሑፉን እኔ ነበርኩ ያዘጋጀሁት፦ ውድ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ ተወዳጇ ድምፃዊት እከሊት፣ ነገ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ በክራርና በውዝዋዜ ታጅባ ትዘፍናለች። አጭርና ግልጽ ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። ጋሼ አንዴ አንብበው በቃላቸው ያዙት። የሰው ስም፣ ሰዓትና ቦታ መያዝ ለእሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ይህን ያኔ አላስተዋልኩም።

ጭውውት የሚሠራው ልጅ ሊያሠለጥናቸው ሞከረ። "ፈገግ ብለው ይበሉት ጋሼ" ሲላቸው ጥርሳቸውን አሳይተው ሞከሩት። ጥርሱ ታየ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ስሙ ላይ ከፍ ይላል፣ ሰዓቱ ላይ ይወርዳል፣ ቦታው ላይ ሲደርስ መሬት ይነካል። "እጅዎን ያወዛውዙ" አላቸው። አወዛወዙ። ምንም ለውጥ የለም። ልጁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ትንሽ አያስፈራም?" አለኝ። ሰው የሚሰማው ቃሉን ነው ብዬ መለስኩለት። በሕይወቴ ብዙ ስሕተት ተናግሬያለሁ፤ እንደዚህ በልበ ሙሉነት የተናገርኩት ግን ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወጣን። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሞት የሚታወጀው ንጋት ላይ ስለሆነ፣ በረፋድ ከሆነ ሰው አይደናገርም ብዬ ነበር። ጋሼ የታጠበ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጢማቸውን ተላጭተዋል። እኔ ዐሥር እርምጃ ያህል ከኋላቸው ተከተልኩ።

መጀመሪያ የቆሙት የጨርቅ ተራው መግቢያ ላይ ነበር። ሜጋፎኑን አንስተው "ውድ የአካባቢያችን ነዋሪዎች!" አሉ።

"ሁሉም በመቶ" የሚለው ድምፅ ቀጥ አለ፤ ባለቤቱ ነው ያጠፋው። ጋሪ ገፊው ጋሪውን አቆመ። ጆንያ የተሸከመ ኩሊ ሸክሙን አውርዶ ቆቡን አወለቀ። ጋሼ የዘፋኟን ስም ሲጠሩ ከአንድ ሱቅ ውስጥ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" የሚል ሰማሁ። አንዲት ሽንኩርት የምትመርጥ እናት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "እሷን!" አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልሰማም። ሰዓቱ ተነገረ፣ ቦታው ተነገረ፣ ክራርና ውዝዋዜም ተጠቀሰ። ሰው ግን ስሟን ሰምቶ ጨርሷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀምረዋል።

በፍጥነት መድረስና ሜጋፎኑን መቀበል ነበረብኝ። አልደረስኩም። እውነቱን ልናገር፤ ለትንሽ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራውን ከያዝኩ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መርካቶ የኔን ማስታወቂያ ዝም ብሎ አዳመጠ። ነገሩ የገባኝ ጋሼ ሁለተኛውን ቦታ ጨርሰው ወደ ሦስተኛው ሲሄዱ፣ የሱቅ መዝጊያ ሲወርድ ስሰማ ነው። ሰው ለለቅሶ ሊሄድ ሱቁን እየዘጋ ነበር።

ሮጬ ደረስኩ። "ጋሼ ይቁሙ፣ የሞተች መስሏቸዋል!" አልኳቸው።

"ማን?" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ገና ያ የተለማመዱት ፈገግታ ነበር። ዘወር ብለው መንገዱን አዩ፤ የተዘጋውን ሱቅ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። ፈገግታው ሲጠፋ አየሁት። ሜጋፎኑን አንስተው "አልሞተችም! አልሞተችም!" ብለው ጮኹ። በዚያ ድምፅ ሲናገሩት እሱም መርዶ ነው የመሰለው። አንዱ ሽማግሌ መጥቶ ትከሻቸውን ይዞ "ይጽናኑ" አላቸው።

ዕቃ ቤት ስንመለስ አራት የእድር አባላት በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ድንኳን ሊያወጡ ነው የመጡት።

"ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡን፣ ጊዜ የለም" አላቸው አንዱ።

"ማንም አልሞተም እኮ!"

"እንዴት አልሞተም? እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ የተናገሩት? በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"የተናገርኩት ዘፈን ነው። እሑድ ትዘፍናለች ነው ያልኩት።"

ሰውዬው እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ። "ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ደክሞዎታል። ትንሽ ይቀመጡ። ቁልፉን ይስጡኝና እኛ እንጨርሰዋለን።" አላሾፈባቸውም። ከልቡ አዝኖላቸው ነበር፤ የከፋውም እሱ ነው። ጋሼ ኪሳቸውን እየነኩ ቆሙ። በመጨረሻ ነገሩ የተፈታው ከጎጃም በረንዳ አንዲት ሴት ስትመጣ ነው። ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ፣ እየጮኸች ግቢ ስትገባ በሩን የከፈተችላት ዘፋኟ ራሷ ነበረች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ ተቆጣች። "ሳትሞቺ ነው እንዴ ያስለቀስሽኝ?" ብላት እንደመጣች እዚያው ነገረችን።

እንግዲህ ሳቅ ሆነ። አራቱም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ጋሼ አልሳቁም። ሜጋፎኑን አጥፍተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

"አየሽ" አሉኝ፣ "እኔ ስናገር ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው።" ከዚያ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት። በሕዝብ ፊት መሳቂያ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ማታውን የእድሩ ዳኛ ደውሎ በጨዋ ደንብ ወቀሰኝ። ዘፋኟ ግን የላክሁላትን ይቅርታ እንኳ በቅጡ አልሰማችም። ያን ያህል ሰው በአንድ ቀን በሯ ላይ ቆሞ አያውቅም። "ማን ማን አለቀሰ?" እያለች ነበር የምትጠይቀኝ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሁለት መቶው ወንበር ተይዞ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ግማሹ የመጣው በሕይወት መኖሯን በዓይኑ ሊያረጋግጥ ነው። አንዳንዱ ነጠላውን እንዴት እንደሚለብስ ያልቆረጠ ይመስል ነበር። የአዳራሹ ባለቤት ደረጃው ላይ ቆሞ "በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰው ብንገድል ቦታ አይበቃንም" አለኝ። አሁንም ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ያ የተዘጋ በር ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ዘፋኟ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ማይኩን ይዛ "አለሁ" ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለት ዘፈን ዘፈነች። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ ማንም ግን ግድ አልነበረውም። በሦስተኛው መሀል ባንዱ ሲጫወት ወደ መድረኩ ዳር መጥታ እኔን ጠራችኝ።

"ሰውዬው የታሉ? ያወጁኝ?"

"አልመጡም።"

"ሂጂና አምጪልኝ።"

ሄድኩ። ጋሼ ቅዳሜ ሳይነካ የቀረውን ድንኳን እንደገና እያጠፉ ነበር።

"ዘፋኟ ትጠራዎታለች" አልኳቸው።

"አልመጣም። እኔ በር ላይ ስቆም ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። የድንኳኑን አንድ ጫፍ ያዝኩላቸው፤ አጥፈን ጨረስን። ከዚያ ሳይታሰብ ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሱ።

"ሴትየዋን ይቅርታ ልጠይቃት ይገባል" አሉ። "እበላለሁ እጠጣለሁ እያለች ገደልኳት።"

ደረጃውን እሳቸው ከፊት ወጡ። በሩን ሲከፍቱ ባንዱ እየተጫወተ ነበር። መጀመሪያ ያያቸው የኋላው ረድፍ ነው። የአንዲት ሴት እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ነጠላዋ ሄደ። አጠገቧ ያለው ሰው ዞረ፣ ከፊቱ ያለውም ዞረ። ዝምታው ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄዶ መድረኩ ጋ ደረሰ። ክራሩ ቆመ፣ ከበሮው መጨረሻ ቆመ። ሁለት መቶ ሰው ፊቱን ወደ ጋሼ አዙሮ ይጠብቅ ጀመር።

ከመሀል አንድ ድምፅ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ፣ "ማን ነው ጋሼ?" አለ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። የምሰጣቸው ጽሑፍ አልነበረኝም። ወደ ሰዉ ተመለሱ። ሜጋፎን የለ፣ ፈገግታ የለ። በዚያው በሚያውቁት ድምፅ፣ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ኋላ በሚወርደው ተናገሩ።

"ማንም" አሉ። "ማንም አላረፈም። ሁላችሁም አላችሁ።"

ግድግዳው ጋ የቆመች አንዲት እናት እልል አለች። ሁለተኛዋ ተቀበለቻት፤ አዳራሹ በሙሉ እልልታና ጭብጨባ ሆነ። ሰው ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። እኔ አለቀስኩ፤ የማለቅስ ሰው አይደለሁም።

ጋሼ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። እልልታው በረድ ሲል ቀስ ብለው "ማንም አላረፈም!" ብለው ደገሙት። እልልታው እንደገና ተነሳ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ሦስተኛ ጊዜም ከፍ አድርገው ተናገሩ፤ ሰዉ ከመጀመሪያው የባሰ ጮኸ። አራተኛውን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ዘፋኟ ከመድረክ ላይ "ኧረ ጋሼ፣ ገባን እኮ! እስቲ አሁን እኔ ልዝፈን!" አለች።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሁሉም እሳቸውን እያየ ይስቃል፤ ማንም የሚያለቅስ የለም። እሳቸውም ሳቁ።